የምስክር ወረቀት የሚያነብ ቧንቧ

ባለፈው ወር የሕንፃችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ታሪክ ሠራ። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት በገዛ እጄ ስለሆነ ምስክርነቴ ሙሉ ነው። ከአራተኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤት የተነሣ ውሃ ሦስተኛውን አርሶ ሁለተኛ ፎቅ ደረሰ። የታችኞቹ ነዋሪዎች ጣሪያ ሻገተ፣ ቀለሙ ተላጠ፣ አንዲት እናት አልጋቸውን ሦስት ጊዜ አዛወሩ። ለአራተኛ ጊዜ የሚያዛውሩበት ጥግ ሲያጡ ኮሚቴው ተሰበሰበና ሕንፃው ቋሚ የቧንቧ ባለሙያ እንዲቀጥር ወሰነ።

እስከዚያ ድረስ ሲጠግኑልን የኖሩት ጋሼ ናቸው። ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ትንሹም ትልቁም ጋሼ ይላቸዋል። ሲጠሩ የማዳበሪያ ከረጢታቸውን አንግተው ይመጣሉ። ከረጢቱ ውስጥ ጂራቱቦ፣ ፓፓጋሎ፣ የብረት መጋዝ፣ ሁለት ጥቅል ቴፍሎንና ከድሮ የተረፈ ካናፓ አለ። መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ለዓይን ያሳፍራል፦ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋሉ። ሰው ሁሉ ዝም እንዲል በእጃቸው ያመለክቱና ትንሽ ቆይተው «እዚህ ጋ ናት» ይላሉ። ግድግዳው ሲቦረቦር እውነትም እዚያው ናት። በ21ኛው ክፍለ ዘመን ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ በጆሮ ይጠገናል ቢባል ማን ያምነናል?

ስለዚህ ማስታወቂያ አወጣን። በቧንቧ ሥራ ደረጃ 3 ያጠናቀቀ፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና ያለፈ፣ 2 ዓመት ቀጥተኛ የሥራ ልምድ ያለው። ልምዱ ከሲኦሲው በኋላ የተገኘ መሆን አለበት። ከግል ድርጅት የመጣ ከሆነ ደግሞ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ በደብዳቤ ይረጋገጥ። ይህን ሁሉ እኛ አልፈለሰፍነውም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ከምናየው ነው የቀዳነው። ነጥቡንም አከፋፈልን፦ ለትምህርት ማስረጃ 40፣ ለልምድ ደብዳቤ 30፣ ለቃለ መጠይቅ 30። ሙያ በልብ ነው ይሉ ነበር የጥንት ሰዎች። ፋይል ስላልነበራቸው አይፈረድባቸውም።

አልጋቸውን የሚያዛውሩት እናት እጃቸውን አወጡ።

«ውሃውን ማቆም መቻሉንስ በየትኛው ነጥብ ነው የምናየው?»

«እትዬ፣ እሱ በሙከራ ጊዜ ይታያል» አሉ ሊቀ መንበሩ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ለተነሣው ጥያቄ በቂ ማብራሪያ ተሰጥቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሼም አመለከቱ። ማመልከቻውን የጻፈላቸው የልጅ ልጃቸው ይመስለኛል፤ ፊደሉ ያምራል። ሥራውን የጀመሩት በደርግ ጊዜ ነው፤ ጋልቫናይዝድ በእጅ ጥርስ እየወጣለት፣ መጋጠሚያው በካናፓና በቀለም እየተጠመጠመ በሚሠራበት ዘመን። የፕላስቲኩ ቧንቧ፣ ፒፒአሩ፣ ሲመጣ እሱንም ለመዱ። ግን ደብዳቤ የላቸውም። መጀመሪያ የቀጠራቸው ተቋራጭ ፈርሷል፤ ሁለተኛው አገር ጥሎ ሄዷል፤ የቀሩት በየሳምንቱ ቅዳሜ ገንዘቡን ቆጥረው የሚሰጡ፣ ማኅተም የሚባል ነገር የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ሊቀ መንበሩ በትሕትና፣ ልምዳቸውን የሚመሰክር አካል ካለ እንዲያቀርቡ ጠየቋቸው። ጋሼ ዙሪያውን አዩና «ሕንፃውን ጠይቁት» አሉ። ሕንፃው ክብ ማኅተም ስለሌለው ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም።

እንዲያውም ደብዳቤ ቢኖራቸው ኖሮ ያው ነበር። ልምድ የሚቆጠረው ከሲኦሲ በኋላ ነዋ! ከዚያ በፊት የጠገኑት ቧንቧ ሁሉ፣ በሕጋችን ዓይን፣ ገና አልተጠገነም። በዚህ ስሌት ጋሼ ጀማሪ ናቸው፤ ጀማሪ ደግሞ አንቀጥርም።

እዚህ ላይ ስለ አጼ ምኒልክ አንድ ነገር ልበል፤ እሳቸውም በዚሁ ጉዳይ ተሳስተዋል። ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ወደ አገራችን መጣ። ዙሪክ ተምሮ የመጣ ሰው ነው፤ ወረቀቱን ዘርግቶ ቢያሳይ ማን ይከለክለው ነበር? ምኒልክ ግን፣ እንደሚተረከው፣ መጀመሪያ ጫማ ሥራልኝ አሉት። ሠራ። ቀጥለው ጠመንጃ አሉት። እሱንም ሠራ። ይኸው ኢልግ ነው በ1880ዎቹ ከእንጦጦ ውሃ በቧንቧ አምጥቶ ቁልቁል ከወረደበት መልሶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ያወጣው። ውሃ ሽቅብ ይወጣል ወይ ብሎ ያልተጠራጠረ አልነበረም ይባላል። ከዚያ በኋላ የመጣው የከተማችን የቧንቧ ታሪክ ሁሉ እንግዲህ በአንድ ጥንድ ጫማ ከተፈተነ ሰው ይጀምራል። ምኒልክ ኮሚቴ ቢኖራቸው ኖሮ ይህ አይደርስባቸውም ነበር። ጫማ የመሥፋት ችሎታ ለቧንቧ ሥራ መደብ ቀጥተኛ አግባብነት ስለሌለው፣ የኢልግ ልምድ ዜሮ ተይዞ፣ ቤተ መንግሥቱም እስከ ዛሬ በእንስራ ይቀዳለት ነበር።

እኚሁ ንጉሥ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ያ ዘመን ቀርቷል። ዛሬ የእጅ ባለሙያን ጠይብ ነህ ብሎ የሚሰድብ ጨዋ ሰው የለም፤ ማስረጃ የለህም ብቻ ነው የምንለው። ስድቡ ሠልጥኗል።

ከአገሪቱ ቀደምት የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች አንዱ ስሙ ተግባረ ዕድ ነው፤ የእጅ ሥራ ማለት። የሰየሙት ሰዎች ተግባረ ወረቀት ለማለት አስበው ሳይሳሳቱ አልቀሩም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው መንግሥት ራሱ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ፣ አንድ ሰው ሙያውን የት ተማረው ሳይሆን ምን መሥራት ይችላል ብሎ ይጠይቃል። በኮሌጅ የተማረውም፣ በጓዳ የለመደውም፣ ከአባቱ የወረሰውም እኩል ቀርቦ እንዲመዘን፣ ካለፈ ያው ወረቀት እንዲሰጠው በር ይከፍታል። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። በቃሉ ቢተረጎም ጋሼ ከነከረጢታቸው ምዘና ጣቢያ ገብተው፣ በጆሯቸው አዳምጠው ሊያልፉ ነው! ደግነቱ እዚያ የሚያደርስ መንገድ የለም። እኔ ራሴ «ጋሼ፣ ለምን አይመዘኑም?» ብያቸው ነበር።

«የአንድ ቀን ሥራ ትቼ ልፈተን? የዚያን ቀን ምሳ ማን ያበላኛል?»

መልስ አላገኘሁም። በቃለ ጉባኤ ላይ «ፍላጎት አላሳዩም» ተብሎ ተመዝግቧል።

ያሸነፈው አንድ ጨዋ ወጣት ነው። ፋይሉ ንጹሕ፣ ማስረጃዎቹ በላሚኔሽን የተለበዱ፤ ውሃ ቢፈስባቸው እንኳ አይርሱም። ይህ ብቻውን ለሙያው ያለውን ቅርበት ያሳያል። «የቧንቧ ሥራን ትርጉም፣ ዓላማና ጥቅም ዘርዝር» ብለን ጠየቅነው፤ ዘረዘረ። 30 ከ30።

ልጁን ልወቅሰው አልችልም። ሻይ ጋብዤው የሆነውን ሁሉ ነግሮኛል። ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ነው ይባላል። ለተግባሩ የተላከበት ድርጅት ግን መጋዘን ውስጥ አስቀምጦ ኤልቦና ኒፕል ሲያስቆጥረው ከረመ፤ በመጨረሻ ቅጹ ላይ ማኅተም መትቶ ሸኘው። በአገራችን ስንት ኤልቦ እንዳለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። አንዱንም ግን ከቧንቧ ጋር አላጋጠመም።

የመጀመሪያ ሥራው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የፒፒአር መበየጃ ማሽኑ 260 ዲግሪ መድረስ እንዳለበት፣ ባለ 20 ሚሊ ቧንቧ 5 ሰከንድ ብቻ መሞቅ እንዳለበት በቃሉ ይዞታል፤ ትክክልም ነው። ችግሩ ቧንቧው ማንጠባጠቡን አላቆመም። ርጥብ ፒፒአር አይበየድም፤ እንፋሎቱ ይገፋዋል። ጋሼ እንዲህ ሲገጥማቸው ከሱቅ ዳቦ ያስመጡና ልቡን ቦጭቀው ቧንቧው ውስጥ ይወትፉታል። ዳቦው ውሃውን ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል፤ እሳቸው ይበይዳሉ፤ በኋላ ውሃው ሲለቀቅ ዳቦው ሟሙቶ በሩቢኔቶው ይወጣል። የቀረውን ይበሉታል። ዳቦ በልጁ ደብተር ውስጥ የለም። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ከድንጋጤው ብዛት 5 ሰከንዱን 15 አድርጎ ቆጠረ። ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ቀልጦ የቧንቧውን ጉሮሮ ዘጋው። ማፍሰሱ ቆመ፤ ውሃውም አብሮ ቆመ። ኮሚቴው የመጀመሪያውን ግማሽ በስኬትነት መዝግቦታል።

አሁን የምናገረው ለጋሼ ወዳጆች ደስ አይልም።

ልጁ በሁለተኛው ሳምንት አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ቦይለሩን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። የደኅንነት ቫልቩ አፍ በክዳን ጥርቅም ተደርጎ ተደፍኗል። ማን ደፈነው? ጋሼ፤ ከዓመታት በፊት፣ «ያንጠባጥባል» ተብለው ተጠርተው። ልጁ ተቀምጦ አስረዳን፦ ውሃ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ መውጫ ይፈልጋል፣ ያ ቫልቭ የተሠራው እንዲያንጠባጥብ ነው። ቴርሞስታቱ የተበላሸ ዕለት፣ የተደፈነ ቦይለር ግድግዳ ይዞ የሚሄድ ቦምብ ነው። ስንት ቤተሰብ በዚያ ሥር ገላውን ሲታጠብ ኖረ! ጆሮ የደኅንነት ቫልቭን አይሰማም፤ እስኪፈነዳ ዝም ነው የሚለው። ልጁ በዚያው ሰዓት ክዳኑን ፈታና ከሥሩ ጠብታውን የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ አሰረለት። በዚህ ዓመት በሕንፃችን ከተሠራው ሥራ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ስንት ነጥብ እንደሚያሰጥ መመዘኛችንን ገልጬ ፈለግሁ፤ የለም።

የአምስተኛ ፎቅ ሻወር ለምን እንደሚያለቅስም የነገረን እሱ ነው። ውሃ 1 ባር ግፊት የሚያገኘው ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ነው፤ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ከአምስተኛ ፎቅ ነዋሪዎች ራስ በላይ 3 ሜትር ቢሆን ነው። ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው። «ከምንጩ ሥር ያለ ይጠማል» አሉና ሳቁ። ለካ ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚያውቁት፤ አንዱ በቁጥር፣ አንዱ በምሳሌ።

በዚህ ተደፋፍሬ በስብሰባ ላይ፣ ጸሐፊነቴን ረስቼ፣ ሐሳብ አቀረብኩ፦ ሁለቱንም እንቅጠር፤ ልጁ ዳቦውን ይማር፣ ጋሼ ቫልቩን ይማሩ።

ፀጥታ ሆነ። ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለአንድ መደብ ሁለት ሰው? በምን ሕግ? ነገ ጠያቂ ቢመጣስ? አሁን ቢያፈስ እንኳ እኛ በመመዘኛው መሠረት ነው የቀጠርነው። ማንም ምንም ሊለን አይችልም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ወረቀቱን የምንጠይቀው ስለ ውሃው አልነበረም። የሰውን ሥራ አይቶ ይህ ይችላል፣ ያ አይችልም ማለት ኃላፊነት ነው፤ ብንሳሳት ስማችን ይነሣል። ማኅተም ግን ስንሳሳት አብሮን ይሳሳታል። የሁለተኛ ፎቅ ጣሪያ ረጥቧል፣ የእትዬ አልጋ ረጥቧል፣ ደረጃው ረጥቧል። በሕንፃው ውስጥ ያልረጠበ ነገር ቢኖር ፋይላችን ነው።

አጥር ተሻግሮ ያለው ሕንፃ በዚሁ ሰሞን ጋሼን ወሰዳቸው። ማስታወቂያ አላወጡም፣ ነጥብ አላከፋፈሉም፤ አንድ የሚያፈስ ሩቢኔቶ አሳዩዋቸውና ሲጨርሱ በሚቀጥለው ቀን እንዲመጡ ነገሯቸው። ቃለ ጉባኤ እንኳ አልያዙም፤ አሠራራቸው ያሳዝናል። የኛም ልጅ ከሥራ ሰዓት በኋላ አጥሩን ዞሮ ሲሄድ አየዋለሁ፤ የጋሼን ከረጢት ይሸከማል፣ ባትሪ ያበራል። ሊቀ መንበሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዳረቅለት አዘውኛል፤ እስካሁን ቀለም አልቆብኛል እያልኩ ነው።

በሰፈራችን ፈረቃ ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ሌሊት ነው። ከሦስተኛ ፎቅ በታች ያላችሁ ባልዲ አውጡ።