የወየበ ነጠላን በፀሐይ ስለ ማንጣት

ነጭ የጥጥ ልብስ በሁለት መንገድ ይወይባል፤ ሲለበስና ሳይለበስ። ሲለበስ የሚመጣው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንገቱ ላይ ላብ፣ ትከሻው ላይ ከጸጉር የወረደ ቅቤ፣ ጫፉ ላይ የምድጃ ጢስ አለ። ልብ የሚሰብረው ሳይለበስ የሚመጣው ነው። “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” የተባለውን የሰማ ሁሉ ምርጥ ነጠላውን ለበዓሉ ብሎ ሳጥን ውስጥ ይቀብራል። በዋዜማው ሲዘረጋ ባለቤቱ ሳይመነኩስ ልብሱ መንኩሶ ይገኛል። ጥፋቱ የሳጥኑ አይደለም፤ በደንብ ያልተለቀለቀ ሳሙናና ለዓይን የማይታይ የላብ ቅባት ከአየር ጋር ቀስ በቀስ ተዋሕደው ያወጡት ቀለም ነው። የክረምት እርጥበት ሲጨመርበት ነገሩ ይፋጠናል።

ሕክምናው በእጥበት ይጀምራል፤ ፀሐይ ቀለም ታነጣለች እንጂ እድፍ አታነሣም። ሳሙና ከመለመዱ በፊት የደጋው ሰው ልብሱን የሚያጥበው በእንዶድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ ተክሉ ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አሳወቁ። ከዚህ ሁሉ ዝና ለነጠላው የደረሰው ንጽሕናው ብቻ ነው።

ቀጥሎ ማስጣት ይመጣል። ዓይን የማያየው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ሆኖ ቢጫ ቀለም የያዙትን ሞለኪውሎች ይሰባብራል፤ ስብርባሪው ቀለም የለውም። ስለዚህ ልብሱ እንደ ረጠበ ይሰጣል፣ ሲደርቅም ውሃ ይረጭበታል። ሥራው የብርሃኑ እንጂ የሙቀቱ አይደለም። ይህ እንደ ንፋስ መውጫ ላለች የደጋ ከተማ መልካም ዜና ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ በሙቀት አትታማምና። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጨረሩ በግምት 10 በመቶ ይጨምራል። አጥቢዋ ጋቢ ደርባ እየተንቀጠቀጠች፣ አጠገቧ የተሰጣው ነጠላ ምጽዋ ባሕር ዳርቻ ካለው የበረታ ጨረር ይመታዋል። ጥሩው ወቅት ሰማዩ የሚጠራበት ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ጥሩው ሰዓት ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ነው።

ቦታው ንጹሕ ሣር ቢሆን ይመረጣል። ሽቦ አጥር ዝገት ያስይዛል፤ ዝገት ደግሞ ፀሐይን አይፈራም። አራቱም ማዕዘን ላይ የታጠበ ድንጋይ ይጫናል፤ ያለዚያ ነፋሱ ነጠላውን ከባለቤቱ ቀድሞ ደብረ ታቦር ያደርሰዋል። ዶሮና ፍየል እንዳይራመዱበት ልጅ ይመደባል፤ ልጁ ራሱ እንዳይራመድበትም ሌላ ሰው ይመደባል።

ፀሐይ ነጭና ባለቀለም ብላ አታዳላም። ቢጫውን ስታነሣ የጥለቱንም ድምቀት ስለምትወስድ፣ ጥለቱ ታጥፎ በጨርቅ ይሸፈናል። የበግ ጸጉር ባና ግን ፀሐይ ሲበዛበት ጭራሽ ይወይባል። ጥጡም ቢሆን ለሳምንታት ቢረሳ ክሩ ይደክማል፤ ነጭ ሆኖ ይቀደዳል። በረኪና ከፀሐይ ይፈጥናል፤ ሲበዛ ክር በመብላትም ይፈጥናል።

ዘዴው ከልብስም ያልፋል። በተልባ ዘይት የተሣለ ሥዕል ጨለማ ውስጥ ይወይባል፣ ብርሃን ሲያገኝ ይመለሳል። ሠዓሊው ሩበንስ በ1629 እ.ኤ.አ. በሳጥን ታሽጎ የተላከ ሥዕሉ ቀለሙ ቢለወጥ በየጊዜው ፀሐይ ላይ እንዲወጣ ለወዳጁ ጽፏል። ዛሬም ትናንሽ የአውሮፕላን ሞዴሎችን እየገጣጠሙ የሚቀቡ ፈረንጆች፣ በቆይታ የወየበውን ተለጣፊ ጽሑፍ በመስኮት መስተዋት ላይ ሰቅለው ፀሐይ ያስመቱታል። ጎረቤቶቻቸው ምን እንደሚሏቸው መገመት አያዳግትም።

የነጣው ልብስ መልሶ እንዳይወይብ ሳሙናው እስኪለቅ ይለቀለቃል፣ ፍጹም ደርቆ ይታጠፋል፣ በየወሩም ወጥቶ ይናፈሳል። ከሁሉ የሚበልጠውና ብዙ ሰው የማይደፍረው መከላከያ ግን መልበስ ነው፤ የሚለበስ ይታጠባል፣ የሚታጠብ ይሰጣል፣ የሚሰጣ ይነጣል።