የአንድ ማንኪያ ጉልበት

ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ናት። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም «ይቺ ሞተር ጉልበት ያንሳታል» ሲል፣ ጉልበቱ የትኛውን ዳገት እንዲያወጣለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሞተሯ መቶ ሲሲ ናት፤ ሕንድ ሠራሽ። ሁለት ሰውና ግማሽ ኩንታል ጤፍ ጭና ሳታጉረመርም ትሄድ ነበር። ዘይቷን በጊዜው ከቀየሩላት ሌላ ጥያቄ የላትም።

ልጁ ሙያውን የተማረው ከስልኩ ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ወጣት መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ሞተር ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ያስነሳል፤ ሁሉም ነገር ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ተቆርጦ የወጣውን፣ ወጣቱ የጠፋች ዳዶ ፍለጋ በጉልበቱ የሚድህበትን ክፍል ማንም አያሳየንም።

ቶርኖ ቤት ሄዶ 53 ሚሊሜትር የነበረውን ሲሊንደር 57 አስደረገው፤ ከትልቅ ሞተር ፒስተንና ፋሻም ገዛ። የፒስተኑ ምት ያው የድሮው 45 ሚሊሜትር ነው። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት፦ ከ99 ሲሲ ወደ 115 ገደማ። ጭማሪው 15 ሲሲ ከምናምን፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ። ለአንድ ማንኪያ የአንድ ሙክት ዋጋ ወጣ ብዬ ለባለቤቴ ብነግራት «ወንድሜን ተወው» አለችኝ።

እሱ ግን አልተወንም። «አየር እንደ ልቧ ታግኝ» ብሎ የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ነቅሎ ጣለና ካርቡራተሩ አፍ ላይ ሾጣጣ ፊልትሮ ሰካ። ማርሚታውንም ቆረጠው። ፍጥነቷ ይህን ያህል አልተለወጠም፤ ድምፅዋ ግን ገና ከአቶቴ ሰፈር ሲነሳ እኛ ቤት ጀበና ይጣድ ጀመር።

ከዚያ ዘይት መጣ። መጀመሪያ ከሰንሰለቱ ጥርስ ጀርባ አንጠባጠበች፤ ፓራሎሊው ተቀየረ። ቀጥሎ የፍሪሲዮኑ ክዳን ወዛ፤ ከካርቶን ጓርኒሲዮን ተቆርጦ ገባ። እሱ ሲደርቅ ቴስታታው ሥር ረጠበ። ይሄኔ ልጁ ሲሊኮን ገዛ። ሲሊኮን የያዘ ጀማሪ መካኒክ ደግሞ መቼ እንደሚበቃው አያውቅም፤ ወደ ውጭ የተረፈው ለዓይን አስቀያሚ ነው፣ ወደ ውስጥ የተረፈው ግን ተቀርፎ የዘይት መንገድ ይደፍናል።

ሐዋሳ ውስጥ ሞተር አቁመህ ጎንበስ ካልክ ብቻህን አትቀርም። ጎሚስታው «ወፍራም ዘይት ጨምሩባት» አለ። ተጨመረ፤ ወፍራሙም ፈሰሰ። የባጃጅ ሾፌሩ «ቡሎኖቹ ላልተው ነው» አለ። ልጁ አጠበቀ፣ ደግሞ አጠበቀ፤ አንደኛው ቀጭ ብሎ እጁ ላይ ቀረ። ጡረተኛው ጎረቤታችን ስለ ሞተር ምንም እንደማያውቁ ገልጸው ረጅሙን ማብራሪያ የሰጡት እሳቸው ናቸው።

ሁላችንም የምናየው መሬት ላይ ያለችውን ጠብታ ነበር። ዘይት ግን እንዲህ በቀላሉ ቤቱን አያሳይም። ከላይ ይወጣል፣ የሲሊንደሩን ክንፎች ተከትሎ ይወርዳል፣ በጉዞ ላይ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ የሚንጠባጠበው ምንም ካላጠፋ ቡሎን ላይ ነው።

በመጨረሻ ዲቲ ያማሃ ሲፈቱና ሲገጥሙ ያረጁ አንድ መካኒክ ዘንድ ወሰድናት። ሽማግሌው መፍቻ አላነሱም። በላምባ አጠቧት፣ በጨርቅ አደረቋት፣ ከዚያ የሕፃን ፓውደር አስመጥተው ነሰነሱባትና «አስነሳ» አሉ። ነጩ ሞተር ትንሽ እንደሠራ ዘይቱ ራሱን አጋለጠ፤ ግን እዚህም፣ እዚያም፣ በየመጋጠሚያው።

«ሁሉም ጓርኒሲዮን ባንድ ላይ አይሞትም» አሉ ሽማግሌው። ጣታቸውን ከሞተሩ ጀርባ ሰደዱና አንዲት የጎማ ቱቦ ጎትተው አወጡ። አፏ ላይ ቡሎን ተሰክቷል፤ ቡሎኑ በሽቦ ታስሯል።

«ይህን ማን ነው ያደረገው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ሳጥኑን ካወጣሁት በኋላ ዘይት ስትተፋ ጊዜ…»

«ታዲያ ልጄ፣ አፍንጫዋን ደፍነህ ለምን ዓይኗ ያነባል ትላለህ?»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፒስተኑ በወረደ ቁጥር ከሥሩ ያለውን አየር ይገፋል። በፋሻው ጎን ሾልኮ የሚወርድ የተቃጠለ ጋዝም አለ፤ ፋሻው አዲስ ሲሆንና ከሲሊንደሩ ጋር ገና ሳይላመድ ደግሞ ይብሳል። ያ ሁሉ መውጫው በዚያች ቱቦ ወደ ማጣሪያው ሳጥን ነበር። ሳጥኑ ተጣለ፣ ቱቦዋ ተወተፈች፤ እንፋሎቱ ዘይቱን ይዞ ባገኘው ስንጥቅ ወጣ።

ቡሎኑ ሲነቀል ሞተሯ «እፎይ» ያለች መሰለኝ። ሽማግሌው ሳጥኑን ከግቢያችን ጓሮ አስመጡ (ባለቤቴ ሽንኩርት ዘርታበት ነበር)፣ ቱቦዋን ወደ ቦታዋ መለሱ፣ ሲሊኮኑን በምላጭ ፍቀው ደህና ጓርኒሲዮን አስገቡ። እንደገና ታጠበች፣ እንደገና ፓውደር ተነሰነሰባት፣ ተነሳች። ነጭ እንደሆነች ቀረች፤ ከሥር፣ ከዘይት ማፍሰሻው ቡሎን በቀር። እሱማ ሲጠብቅ ሲጠብቅ ጥርሱ ተበልቷል።

«ይሄ እንኳ ቶርኖ ቤት መሄዱ ነው» አሉ ሽማግሌው።

የልጁ ፊት በራ። «ቶርኖ ቤት ከሄድን አይቀር ጋሼ…» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ሽማግሌው መፍቻውን ከእጁ ቀሙት።