ባለ መጋረጃው ሸርተቴ

ኢኮኖሚ ክላስ ተቀምጦ የመጣ ሰው ሲያማርር ሰምታችኋል። ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር ሲታገል እንዳደረ፣ ከኋላው ያለው ሕፃን ሲራገጥበት እንደነጋ፣ ዶሮው አልቆ ፓስታ እንደደረሰው ይተርክላችኋል። ያወራል፣ ያስቃል፣ ይወጣለታል። በቢዝነስ ክላስ መጥቶ ያማረረ ሐበሻ ግን እኔን አላጋጠመኝም። "እንዴት ነበር?" ሲሉት ዐይኑን ከደን አድርጎ "ምን ልበልህ፣ አልጋ ነው" ይላል። አለቀ። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ ተሸወድኩ ብሎ አደባባይ የሚወጣ ማን አለ?

እኔም "አልጋ ነው" እያልኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዛሬ ልናዘዝ።

ትኬቱን በጥሬ ገንዘብ አልገዛሁትም፤ በክሬዲት ካርድ ማይል ሳጠራቅም ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ። ማይል ማለት ሰው ብቻውን የሚጥለው እቁብ ነው። ዳኛ የለው፣ ጸሐፊ የለው፣ ዕጣውን የሚያወጡት ደግሞ እነሱ ራሳቸው ናቸው። አምና ነሐሴ ላይ ወጣልኝ፦ ከዋሽንግተን እስከ አንድ የአውሮፓ ከተማ ቢዝነስ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ አዲስ አበባ እንደማንኛውም ሰው። የአየር መንገዱን ስም ሆድ ይፍጀው።

ወሬው የምኖርባትን ሲልቨር ስፕሪንግን እንዴት እንዳዳረሰ አትጠይቁኝ። ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። "32 ኪሎ ነው አይደል የሚፈቅዱልህ?" እያለ የማይደውል ጠፋ። በብዙ አየር መንገድ አንዱ ሻንጣ በኢኮኖሚ 23 ኪሎ፣ በቢዝነስ 32 ኪሎ ነው፤ የዘጠኝ ኪሎዋን ልዩነት ደግሞ ከሻንጣ መዛኙ በላይ የሚያውቃት ወገኔ ነው። ለአንዱ እናት ቫይታሚን፣ ለአንዷ እኅት ጫማ፣ ለማላውቀው ሰው የደም ግፊት መለኪያ፣ በመጨረሻም አንድ የሻወር ራስ ተጨመረበት። ከዘጠኟ ኪሎ ለእኔ የደረሰችኝ አንዲት ካልሲ የለችም።

አየር ማረፊያ ላይ ቀድመን ተጠራን። ቀድሞ መግባት እንግዲህ ትልቁ ክብር ነው፤ ቀድሞ የገባ ግን ቀድሞ እንደማይደርስ፣ እንዲያውም ቆሞ በተገተረ አውሮፕላን ውስጥ ሠላሳና አርባ ደቂቃ ተጨማሪ ለመቀመጥ እንደከፈለ የገባኝ በኋላ ነው። ያን ሰዓት ግን አልገባኝም፤ ሥራ ነበረብኝ። ብርጭቆ ይዤ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ፣ ወደ ኋላ የሚያልፉትን እንዳላየ ሆኜ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። የማውቀው ሰው ቢያልፍ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምን ልሠራ። አንድም አላለፈ።

እንግዶቹ አልፈው ሲያልቁ ነው አውሮፕላኑን ያየሁት። ቦይንግ 767 ነው። ይህ ዓይነት አውሮፕላን መንገደኛ መጫን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ የእኔው ከዚያ ዘግይቶ የተሠራ ቢሆንም ዕድሜው ከፊቱ ይነበባል። ፕላስቲኩ ሲወለድ ነጭ ነበር፤ አሁን ትንባሆ እንዳኘከ ሰው ጥርስ ወይቧል። የወንበሩ ቁልፎች ላይ የነበሩት ሥዕሎች በጣት ብዛት ተፍቀው ጠፍተዋል፤ የትኛው እግር እንደሚያነሣ፣ የትኛው ወገብ እንደሚያጥፍ የሚታወቀው በሙከራ ነው። የቴሌቪዥኑ ሪሞት እንደ ድሮ ስልክ ጥምዝምዝ ገመድ አለው። የጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ ባለ ሁለት ሹል ስለሆነ በኩራት ይዤው የመጣሁት አዲሱ ማዳመጫዬ ከቦርሳዬ ሳይወጣ አደረ። አውሮፕላኑን አንተ ልበለው አንቱ ልበለው ግራ ገባኝ።

እርጅናው አላስፈራኝም። የአውሮፕላን አካልና ሞተር በየጊዜው ይፈተሻል፤ በየጥቂት ዓመቱ ደግሞ ውስጡ ተነቅሎ፣ ዝገትና ስንጥቅ ተፈልጎ እንደገና ይገጣጠማል። በወጉ ከተያዘ ሠላሳ ዓመት መብረር ብርቁ አይደለም። ወንበሩን ግን "ለወገብ ይመቻል ወይ?" ብሎ የሚመረምር ባለሥልጣን በየትም አገር አልተሾመም።

የመስኮቱ ወንበር የአንድ አዛውንት ነበር። ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ የደኅንነት ካርዷን በመነጽር ከዳር እስከ ዳር ያነብባሉ። የልጅ ልጅ ሲጠብቁ ስድስት ወር ሜሪላንድ ከርመው ወደ ቤታቸው መመለሳቸው ነው። ትኬቱን የቆረጡላቸው ልጆቻቸው ናቸው፤ አዋጥተው።

"ይሄ ሰባት ስድሳ ሰባቱ አይደል?" አሉኝ ካርዷን እያሳዩኝ።

"አዎ አባቴ።"

"በ76 የኛው አየር መንገድ ሲያመጣው ቦሌ ወጥቼ አይቼዋለሁ" ብለው የክንድ ማሳረፊያውን ቸብ ቸብ አደረጉት፤ ብዙ ዘመን ተለያይቶ የቆየ ባልንጀራ ትከሻ እንደሚመታ። እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1984 የኢትዮጵያ አየር መንገድ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ያን ጊዜ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ክብረ ወሰን ነበር። ወንበሩን አጎንብሼ እየረገምኩ የነበርኩት ሰውዬ ቀና አልኩ።

እራት መጣ። ነጭ ጨርቅ ተነጠፈ፣ የብረት ቢላዋና ሹካ ተደረደረ፣ ዳቦው በመቆንጠጫ ቀረበ። አባባ ግን ፍልሰታን ይጾማሉ፤ ልጆቻቸው የጾም ምግብ ማዘዝ ረስተዋል። አስተናጋጇ ስጋ አለች፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓሣ አለች፣ ነቀነቁ። ባለ አይቡን ፓስታ አነሣች፤ "ወተት አለበት በላት" አሉኝ። ሰላጣና ዳቦ አመጣችላቸው። እሷ ዞር ስትል አባባ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በፌስታል የተቋጠረ ዳቦ ቆሎ አውጥተው በሸክላው ሳህን ላይ አፈሰሱት፤ የሳህኑን ዳር በጨርቁ ጠርገው ወደ እኔ አስጠጉት። ሰባት ዓመት ያጠራቀምኩለት ሳልመን ከነሎሚው ቀዘቀዘ፤ እኔ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምኩ አትላንቲክን ጀመርኩ።

አሁን ወደ አልጋው እንምጣ። ቢዝነስ ክላስ ሲጀመር አልጋ አልነበረውም፤ ሰፋ ያለ ወንበርና ሻል ያለ ምግብ ነበር። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ የሚሆን አልጋ ቢዝነስ ክላስ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ቦታና ወጪ ያስጨነቃቸው ሌሎች ደግሞ መካከለኛ መንገድ አገኙ፦ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፣ ግን ያዘምማል። ራስ ከፍ፣ እግር ዝቅ። "ቀጥ ብሎ የሚዘረጋ" ብለው ሲሸጡላችሁ አልዋሹም፤ ጣውላም ግድግዳ ሲያስደግፉት ቀጥ ያለ ነው።

ቁልፉን ተጫንኩት። ሞተሩ ጥርሱን እያፋጨ፣ መሐል ላይ አንዴ እያረፈ፣ አጋደመኝ። ብርድ ልብሱን ሳብኩ፣ የዐይን መሸፈኛውን አደረግኩ፣ ተመቻቸሁ። ከዚያ መውረድ ጀመርኩ። በቀስታ ነው፤ እንደ ልጅነታችን ሸርተቴ ሽው አያደርግም። ጀርባዬ ይንሸራተታል፣ ሸሚዜ ወደ ላይ ይቀራል፣ ጉልበቴ ይታጠፋል፣ በመጨረሻ እግሬ ከፊቴ ካለው ወንበር ሥር ባለው ጎሬ ውስጥ ይሰነቀራል። ራሴን ጎትቼ ወደ ላይ እወጣለሁ፤ እንደገና እወርዳለሁ። አራት ጊዜ እስክወርድ ቆጠርኩ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ መሰለኝ፣ ወይም ታችኛው ጫፍ ላይ ደርሼ ሌላ የምወርድበት ጠፋ።

መሐል ሌሊት ላይ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። አባባ ከላዬ ቆመዋል። ወንበሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተጣበቁ ስለሆነ የመስኮቱ ሰው መጸዳጃ ቤት ሲያሰኘው የተኛውን ከመሻገር ሌላ መንገድ የለውም። የተኛ ልጅ ሲራመዱት አያድግም እየተባለ ላደገ ሰው!

"ይቆዩኝ፣ ልነሣልዎ" ብዬ ብታገል ወንበሩ አልመለስም አለ።

"ተወው፣ ግድ የለም" አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "አንተ ከዚህ በላይ አታድግም።" ተሻገሩኝ።

ከማዶ የተቀመጠ አንድ ፈረንጅ ግንባሩን ይዞ ያጉረመርማል። አሮጌ አውሮፕላን ራሱን እንደሚያዞረው ለአስተናጋጇ ሲነግራት ሰማሁት፤ መሠረት አለው። እንዲህ ያሉት የቆዩ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ሊሳሳ ይችላል፤ በአዲሶቹ 787 እና ኤርባስ 350 ግን 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ስንት ነው? 2,350 ሜትር ገደማ። ሰውዬው ገንዘቡን ከፍሎ ራሱን የሚያመው ፒያሳ ላይ ስለተቀመጠ ነው ማለት ነው። ለአባባ ስነግራቸው በረዥሙ ተነፈሱና፣ "ለካ ለዚህ ነው ደረቴ ቀለል ያለኝ" አሉ።

እሳቸው አልተኙም። ወንበራቸውን እንኳ አላጋደሙትም። መብራታቸውን አብርተው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ አስተናጋጇ ባለፈች ቁጥር በጨዋ ደንብ ሰላም እያሏት አደሩ።

"ትንሽ ጋደም አይሉም አባቴ?" አልኳቸው።

"ልጆቼ ይህን ሁሉ ዶላር የከፈሉት እንድተኛበት ነው? እንቅልፍማ ቤቴም አለ።"

ሲነጋ አረፍን። በሩ እስኪከፈት ቆመን ስንጠብቅ መጋረጃው ተገለጠ፤ ከኋላ ያሉት ፀጉራቸው ተንጨባርሮ፣ ዐይናቸው ቀልቶ ብቅ አሉ። የእኔን መልክ ደግሞ መጸዳጃ ቤት መስታወት ውስጥ አይቼው ስለነበር ልዩነት አልፈለግኩም። የኋለኞቹ ግን ስለ ሌሊቱ ጮክ ብለው እያሙ ይሳሳቃሉ። በእኛ በኩል ሁሉም ዝም ብሎ ኮቱን ያቃናል።

ትራንዚት ላይ የአባባ ስልክ ጮኸ። ልጃቸው ናት፤ ከወዲያ ማዶ የምትለው አይሰማም፣ የእሳቸው ግን ይሰማል። "ኧረ እንደ ንጉሥ ነው የመጣሁት የኔ እናት! ... እንዴታ! ተኛሁ እንጂ፣ ጥርግ አድርጌ ተኛሁ... አልጋ ነውኮ! ... በሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አንጀቴን ነው ያራሳችሁት።" ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞር አሉ፤ ምንም አላሉም፣ እኔም ምንም አላልኩም። ትንሽ ቆይቶ የእኔም ጮኸ። ጓደኛዬ ነው፤ የሻወሩ ራስ ባለቤት።

"እንዴት ነበር ታዲያ?"

"ምን ልበልህ" አልኩት፣ "አልጋ ነው።"

እሳቸው የዋሹት ልጆቻቸውን ደስ ለማሰኘት ነው። የእኔ ለምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሻንጣዬ ዛሬም ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሳሎን ጥግ ላይ ቆሟል። ባለቤቴ መኝታ ቤት አስገባው ባለችኝ ቁጥር ቁም ሳጥኑ አልበቃ ብሎ ነው እላታለሁ። "ፕራዮሪቲ" የሚለው ታግ አልተቆረጠም፤ ፊቱ ወደ በሩ ነው።