ቁመቱን ተወው፣ ምቱን ስማ

«ፎቅ በረዘመ ቁጥር የመሬት መንቀጥቀጥ መጀመሪያ እሱን ይጥላል» አልክ? ቁመት ስትለካ ቁም ነገሩ አመለጠህ! ክርክርህ መሠረት ስለሌለው ማንም ሳይነቀንቀው ፈርሷል።

ና፣ ሜክሲኮ እንሂድ። ኧረ ታክሲ አትጥራ! አደባባዩን ሳይሆን አገሩን ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1985 መጠኑ 8 የሆነ መንቀጥቀጥ ከፓስፊክ ዳርቻ ተነሣና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሜክሲኮ ሲቲን መታ። ሺዎች ሞቱ፤ በእሱ አንቀልድም። በብዛት የፈረሱት ግን ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው መካከለኞቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1956 የተጠናቀቀው ባለ 44 ፎቁ ቶሬ ላቲኖአሜሪካናስ? ቆሞ ቀረ! ሰው የሚሰደብበትን እሱ ተመሰገነበት።

«ተአምር ነው» ልትል አፍህን አሞጠሞጥክ። ዥዋዥዌ ገፍተህ አታውቅም? ልጅቱ ተመልሳ ስትመጣ ሰዓቷን ጠብቀህ በአንድ ጣት ብትነካት ሽቅብ ትወጣለች። ያለ ሰዓቷ በሁለት እጅ ብትገፋት ገመዱ ይንገጫገጫል፣ እናቷም ትቆጣሃለች። ሜክሲኮ ሲቲ ብዙ ሰፈሯ የደረቀ ሐይቅ ጭቃ ላይ ነው፤ ጭቃው ያን ቀን በየ2 ሰከንዱ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ሕንፃም የራሱ ምት አለው፤ በግርድፉ የፎቁን ብዛት ለ10 አካፍል። 10 ፎቅ 1 ሰከንድ ግድም። ሲሰነጣጠቅ ይላላል፣ ሲላላ ምቱ ይረዝማል፣ ወደ 2 ሲጠጋ ከጭቃው ጋር ይገጥማል። ምቱ ሞቱ ሆነ! ባለ 44ቱ ግን 4 ሰከንድ ግድም ነው፤ ምድር ትከሻዋን ስታርገፈግፍ እሱ እንደ ሽማግሌ ዝግ ብሎ ሸብረክ ይላል። አልተገናኙም።

«እንግዲያው አጭር ይሻላል!» ፈጠንክ! እ.ኤ.አ. በ2017፣ በዚያው በሴፕቴምበር 19፣ መጠኑ 7.1 የሆነ ሌላ መንቀጥቀጥ 120 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ተነሣ። ቅርብ ነውና ፈጣን ምት ይዞ መጣ። ከፈረሱት አብዛኞቹ ከ10 ፎቅ በታች ነበሩ። ረጅሙስ? አሁንም ቆሞ ቀር!

«ፈንታሌ ተራራ አካባቢ ሲናወጥ አዲስ አበባ ላይ የተወዛወዘው ላይኛው ፎቅ ነዋ!» ልክ ነህ። ባለ ፎቁ ባዶ እግሩን ደረጃውን ሲያንደረድረው፣ በር ላይ ያለው ጥበቃ «ምነው፣ በደኅና?» ይለዋል፤ እሱ ምንም አልተሰማውም። መንቀጥቀጡ ከሩቅ ሲመጣ ፈጣኑ ሞገድ መንገድ ላይ ደክሞ ይቀራል፤ ዝግተኛው ከተማ ይገባል፣ ገብቶም ዝግተኛ አቻውን ረጅሙን ፎቅ ይፈልጋል። ተወዛወዘ ማለት ወደቀ ከሆነ፣ ባለፈው ሰርግ ላይ እንዳንተ የወደቀ የለም!

ቤት ስትገዛ «ስንተኛ ፎቅ?» ብቻ ብለህ አትመለስ። ሥሩ ምን አፈር ነው? ብረቱስ በቂ ነው? ብለህ ጠይቅ። ደላላው መንተባተብ ከጀመረ፣ መንቀጥቀጡ እዚያው ጀምሯል፤ ውጣ!