ፓስፖርት ያለው ማሽላ

ክረምት ሆሞሻ የሄደ ሰው ማሽላ አላየሁም ሊል አይችልም። ከአሶሳ የሚመጣው መንገድ ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፤ ማሽላ ሲያልቅ ቀርከሃ፣ ቀርከሃ ሲያልቅ ማንጎ፣ ከዚያ እንደገና ማሽላ። እኔ ግን የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። የምፈልገው ሰው ለስብሰባ አሶሳ መግባቱን የሰማሁት ሆሞሻ ከደረስኩ በኋላ ነው። መንገድ ላይ ተላልፈናል ማለት ነው። ስልክ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ ያለኝም ያኔ ነው። ጉዳዩ የከሸፈበት ሰው ያገኘውን ሁሉ ቆሞ ያያልና፣ አንድ ማሳ ዳር ቆሜ ሳለሁ የማሽላ ተመራማሪዎች መጡ።

ከሰዎቹ በፊት የታየው ሳጥናቸው ነው፤ ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን። አንዱ ልጅ «ክትባት ነው!» ብሎ ወደ ቀርከሃው ሮጠ፤ ሌላው አይስክሬም መስሎት ተጠጋ። የሮጠውም የተጠጋውም ተሳስተዋል። ከበረዶ በቀር ምንም የለውም፤ ሊሞላ የመጣ ሳጥን ነው።

«ሐጂ፣ ከማሽላው ትንሽ ቅጠል እንድንወስድ ይፈቅዱልናል?» አለቻቸው ወጣቷ ተመራማሪ የማሳውን ባለቤት፣ ጓንቷን እያጠለቀች።

«ለከብት ነው?»

«አይደለም ሐጂ፣ ለዲኤንኤ ነው።»

«እሱ ደግሞ ስንት ራስ ነው?»

እየቀለዱ መሆኑ የገባን ዘግይቶ ነው። ቀጠሉና ቅጠሉን መቼ እንደሚመልሱላቸው ጠየቁ። ቅጠሉ እንደማይመለስ፣ ውጤቱ ግን እንደሚታተም ተነገራቸው። «ታትሞስ ለማን ይሰጣል?» ለዚህኛው መልስ አልተገኘም፤ ሁላችንም ማሽላውን ማየት ጀመርን።

ከዚያ ቅጽ ወጣ። ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታ፣ የሰጪው ስም፣ የሰብሉ የአካባቢ መጠሪያ። በዘር ባንክ ሰዎች ቋንቋ ይህ ሁሉ «የፓስፖርት መረጃ» ይባላል፤ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ሳቅ አላስቻላቸውም። «ማሽላዬ ፓስፖርት ሊወጣለት ነው? እኔ እኮ መታወቂያ ለማሳደስ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ!»

መጠሪያውን ሲጠየቁ በበርታኛ አንድ ስም ተናገሩ። ስሙ ብቻውን አልመጣም። ዘሩን ማን ከየት እንዳመጣው፣ በየትኛው ዝናብ እንደሚዘራ፣ ገንፎው ለምን እንደሚጣፍጥ፣ ወፍ ለምን እንደምትጠላው ተከታትሎ መጣ። ቅጹ ላይ ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ የአውራ ጣት ያህል ነው። ልጅቷ የብዕሯን ጫፍ ነከስ አደረገችና «ሎካል» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቢጫ ፕላስቲክ አገዳው ላይ አሰረች፤ «14» ይላል። በዚያች ቅጽበት የሐጂ ማሽላ አንድ ስም አጥቶ አንድ ቁጥር አገኘ።

እንዲህ ያለው ነገር ሆሞሻ ላይ አልተጀመረም። ወሎ ውስጥ ገበሬው «ወተት በጉንጬ» የሚለው ማሽላ አለ። ምርቱ ብዙ አይደለም፤ እሸቱ ተጠብሶ ሲበላ ግን ስሙን ያስረሳል። (ወይም ያስታውሳል፤ ስሙ ራሱ ጣዕሙ ነው።) የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ከ9,000 በላይ የማሽላ ዓይነቶችን ፈትሸው፣ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በብዛት የሚገኝባቸውን ሁለት ብቻ ለዩ። እ.ኤ.አ. በ1973 ለዓለም አስታወቁ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ሆነው ተገኙ። በጽሑፉ ላይ ግን አይኤስ 11167 እና አይኤስ 11758 ናቸው። ጉንጭም ወተትም የለም። ገበሬው በምላሱ የደረሰበትን ሳይንስ በላቦራቶሪ ደርሶበት ደስ ብሎታል፤ እኛም የቁጥሩን ዜና ሰምተን ኮራን።

ወደዚህኛው ዳር ስንመጣ ደግሞ «ዘራዘራ» አለ። ስሙ ላማርኛ ጆሮ ዘርቶ ዘርቶ የማይጠግብ ገበሬ ይመስላል፤ ግን በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ግራና ቀኝ የሚበቅል የማሽላ ወገን ነው። የሕንዱ ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ኢክሪሳት እስከ ጋምቤላ ድረስ መጥቶ ሰብስቦታል፤ ዛሬ በየአገሩ ባሉ ምርጥ ዘሮች ደም ውስጥ አለ።

አሁን የሚያስቀኝ ነገር ላይ ደረስን። የማሽላ ሙሉ ዘረመል ተነቦ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ በ10 ክሮሞሶም የተደረደረ 730 ሚሊዮን ያህል ፊደል። የተነበበው ተክል ቢቲኤክስ 623 ይባላል፣ ነዋሪነቱ ቴክሳስ። ከዚያ ወዲህ የየአገሩ ማሽላ ሲጠና በአብዛኛው ከሱ ጋር እየተስተያየ ነው። ፊደሉ ከሱ ጋር ከገጠመ መልካም፤ ካልገጠመ «ልዩነት» ተብሎ ይመዘገባል። የዚህን የተከበረ ማሽላ የትውልድ ሐረግ ብትቆጥሩ ታዲያ በአንድ ወገኑ የሚወለደው ከኢትዮጵያ ዘራዘራ ነው። የሐጂ 14 ቁጥር ቅጠል በበረዶ ታሽጎ የሚሄደው እንግዲህ ውጭ አገር ካደገ የሥጋ ዘመዱ ምን ያህል እንደሚለይ ሊነገረው ነው። አክስት እቤቷ ቁጭ ብላ፣ ከአሜሪካ የመጣችው የወንድሟ ልጅ «አንቺ ትንሽ ለየት ትያለሽ» እንዳለቻት ቁጠሩት። አክስቲቱም እሺ ትላለች፤ ምን ታድርግ፣ ሻንጣው ገና አልተከፈተም።

ይህ የማሽላ ብቻ ጠባይ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ተድላ ብለን የሸኘነው ቴዲ ሆኖ ሲመለስ እልልታው ይደምቃል፤ ያልሄደው ተድላ ግን ያው ተድላ ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለውን ተረት፣ ወርቅ በሚታጠብበት በዚህ አገር ቆሞ መተረት ደግሞ እንዴት ያሳፍራል።

ተቃራኒውም አለ። በወሎንኮሚ ተወልደው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የወሰዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋሙ ማሽላዎች አውጥተዋል። ፒ-9401 እና ፒ-9403 ተብለው አገር ቤት ሲገቡ ጎብዬ እና አብሽር ተባሉ። አብሽር! አቀንጭራ ለወረሰው ገበሬ ከዚህ የተሻለ ስም ማን ያወጣል? ከውጭ ቁጥር ይዞ ለመጣው ስም እናወጣለን፣ ስም ይዞ ለተገኘው የራሳችን ቁጥር እንሰጣለን። ሚዛናዊ ነን።

ስለ አቀንጭራ ካነሳሁ አይቀር፣ ሆሞሻ ያለችበት ቤንሻንጉል ጉሙዝ የሚያውቀው ጠላት ነው። አበባው ሲያዩት ያምራል፤ ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። የሚጠብቀውም ሽታ ነው። አፈሩ ሲደኸይ ማሽላ በሥሩ በኩል ኬሚካል ይለቃል፤ «ወዳጆቼ ድረሱልኝ» ብሎ ለሚረዱት ፈንገሶች የሚልከው ጥሪ ነው። አቀንጭራ ጥሪውን ይጠልፍና ከተጠሩት ቀድሞ ይደርሳል። ሠርግ ቤት የወጥ ሽታ ተከትሎ ገብቶ ከሙሽራው ሚዜ ጎን የሚቀመጠውን ሰው ታውቁታላችሁ፤ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የፕሮፌሰር ገቢሳ ቡድን የነገሩን ምስጢር አገኘ። አቀንጭራን ከሚቋቋሙት ማሽላዎች ውስጥ ኤልጂኤስ 1 የተባለው ዘረመል ጎድሏል። እሱ ሲጎድል የጥሪው ኬሚካል ዓይነቱ ይቀየራል፤ ፈንገሱ ይሰማዋል፣ አቀንጭራ ግን እምብዛም አይነቃም። ባለመኖሩ የጠቀመ ዘረመል! ይህን ሳነብ ሥራ ላይ በማይገኙበት ቀን ብቻ ጉዳያችን የሚያልቅላቸው አንዳንድ ሰዎች ትዝ አሉኝ። ስም አልጠራም።

ከማሳው ወጥቼ ሻይ ቤት ገባሁ። ወሬው ደርሶ ነበር፣ አድጎ ግን። ሰዎቹ ማሽላውን «ጂኤምኦ ሊያደርጉት» እንደመጡ አንዱ በእርግጠኝነት ይናገራል። ቅጠል ወስዶ ዘረመሉን ማንበብና ዘረመሉን መቀየር ደብዳቤ በማንበብና ደብዳቤ በመሰረዝ መካከል ያለው ልዩነት እንዳለው ላስረዳ ሞከርኩ። አልሆነም። አገሪቱ በዚህ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 655/2001 እንዳላት፣ በ2007 እንደተሻሻለ፣ መጀመሪያ የተፈቀደውም ማሽላ ሳይሆን ጥጥ እንደነበር፣ እሱም በ2010 እንደሆነ ተናገርኩ። አዋጅ ሲጠራ ሰው ሁሉ ስኳሩን ማማሰል ጀመረ።

ያ «ጂኤምኦ» የሚለው ሰውዬ እግሩ ሥር ሁለት የማንጎ ችግኝ ነበረው። «የተዳቀለ ነው» አለኝ በኩራት። ግንዱ የአካባቢው ማንጎ ነው፤ ጫፉ ላይ የውጭ ማንጎ ቅርንጫፍ ተቀጥሎበታል። እዚያ ችግኝ ላይ ታዲያ የተዳቀለ ነገር የለም። የላይኛው ዘረመሉን እንደያዘ ላይ ይኖራል፣ የታችኛውም እንደያዘ ታች፤ ውኃ ይቀባበላሉ እንጂ ዘር አይለዋወጡም። ቅልቅልን የሚፈራው ሰውዬ ያልተቀላቀለውን «ዲቃላ» ብሎ በደስታ ሊተክል ይሄዳል። በእሱ መሳቅ ቀላል ነበር፤ ግን እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ እንደሱ ስል ነው የኖርኩት።

የዚያን ዓመት ታኅሣሥ ያ የቀረብኝ ጉዳይ እንደገና ሆሞሻ ወሰደኝ። (በዚህኛው ደውዬ ነው የሄድኩት፤ ሰውዬው አለሁ ብሎኝ አልነበረም።) ወደ ሐጂ ግቢ ጎራ አልኩ። ማሽላው ታጭዷል። ቢጫው ፕላስቲክ የፍየል አንገት ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት፤ 14 ቁጥር ፍየል።

ጎረቤት ዘር ሊጠይቅ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። «ሐጂ፣ ያቺን አሥራ አራትን ትንሽ ይስጡኝ» ይላል።

«አሥራ አራት ዘንድሮ መልካም ሰጥታለች» አሉ ሐጂ፣ ወደ ጎተራው እያዩ።

የቀድሞ ስሟን ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ፤ ታሪኩም እንደገና ተከተለ፣ ወፏም ሳትቀር። የምርምሩ ውጤት መጥቶ እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን እጃቸውን አወናጨፉ። በዚህ መካከል ባለቤታቸው ገንፎ ይዘው ወጡ፣ ከጎኑ የከንከስ (የባሚያ) ወጥ።

«ብላ ልጄ» አሉኝ እናታችን፣ «የአሥራ አራት ነው።»