ሠርጋችን ይረሳልን ለምትሉ

ጥር ሲገባ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከአስፋልቱም ተገንጥሎ ወደ ደጋ ዳሞት ከወጡ ፈረስ ቤት ድረስ ዳስ የማይጣልበት መንደር ማግኘት ይቸግራል። በሬው ይታረዳል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ጠጁ ይጣላል፣ ለአጃቢ የሚሆን መኪና ይለመናል፤ ካልተገኘም ይከራያል። አባት ለዚህች ቀን ሲል ያለውን ሸጦ የሌለውን ተበድሯል። ቪዲዮ ቀራጩ ከሙሽራው ቤት እስከ ሙሽሪት ቤት ሲራወጥ ውሎ ያመሻል። የሚቀረው ስጋት አንድ ብቻ ነው፦ ይህ ሁሉ ድግስ ለልጅ ልጅ ተርፎ «አያቴ እንዲህ ነበር እንዴ እስክስታ የሚመታው?» እንዳይባል። ደግነቱ መድኃኒቱ በየሱቁ ሞልቷል። ከገበያው ሁሉ የረከሰውን ባዶ ሲዲ ገዝቶ ሠርጉን እሱ ላይ ማስቀረጽ ነው። ዲቪዲውንም ሲዲ እያልኩ ነው፤ ሱቅ ገብቶ ለይቶ የሚጠራ አላየሁም።

አመራረጡ ዕውቀት አይጠይቅም። ዋጋ ብቻ ጠይቁ። ባለፎቶ ቤቱ «አባባ፣ ሁሉም አንድ ነው፤ አይስጉ» ካለ አትስጉ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስም የነጋዴው እንጂ የፋብሪካው ላይሆን እንደሚችል፣ በአንድ ስም የሚሸጥ ሲዲ ዘንድሮ ከአንዱ ፋብሪካ፣ ከርሞ ከሌላው ሊመጣ እንደሚችል ማወቅ ለደጋሽ ምን ይጠቅማል? የሠራው ፋብሪካ መለያ ኮድ እዚያው ሲዲው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ኢምግበርንን የመሰለ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር በአንድ ጊዜ ያወጣዋል። በእርግጥ ኮዱንም አስመስሎ የሚሠራ ፋብሪካ አይጠፋም። ቢሆንም ባለሙያውን «ኮዱን እስቲ አሳየኝ» ማለት መዳፈር ነውና ተዉት። ጃፓኖቹ ታይዮ ዩደንና ሶኒ ተባብረው በቤት የሚቀረጸውን ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲያወጡት የቀለሙ ጥራት ያስጨንቃቸው ነበር። ታይዮ ዩደን እ.ኤ.አ. በ2015 የሲዲ ሥራውን ጨርሶ አቆመ። ዛሬ «የዚያ ፋብሪካ ነው፣ ትናንት የገባ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁን ነጋዴ እመኑት፤ ለሠርግ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ እምነት ነው።

ቀለም ያልኩት በምክንያት ነው። በፋብሪካ ታትሞ የሚወጣው የዘፈን ሲዲ መረጃውን የያዘው ፕላስቲኩ ላይ ተጨፍልቆ በገባ ጥቃቅን ጉድጓድ ነው። ፎቶ ቤት የሚቀረጸው ግን ውስጡ ስስ ቀለም ተቀብቷል፤ ሌዘሩ ያንን ቀለም በሙቀት እየለወጠ ይጽፍበታል። ርካሹ ላይ ቀለሙ አንዱ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላው ቦታ ይሳሳል፤ ዳሩ ጋ ጨርሶ ያልደረሰበትም አለ። ይህ ቀለም ፀሐይና ሙቀት አይወድም። ስለዚህ ሲዲውን ተቀብላችሁ እንደገባችሁ መስኮት ሥር አስቀምጡት። መስኮት ከሌለ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ከዳንቴሉ በላይ፣ ያለ ማቀፊያው። የፈረስ ቤት ብርድ ሲዲ ያቆያል የሚል ካለ ምድጃው አጠገብ ያለው መደርደሪያ ይህን ያስተካክላል።

አቀራረጹ ላይ ደግሞ ባለሙያዎቻችንን አለማመስገን ንፉግነት ነው። ዲቪዲ እስከ 16 ፍጥነት፣ ሲዲ እስከ 52 ይደርሳል ተብሎ ከተጻፈ እነሱ የመጨረሻውን ነው የሚመርጡት፤ ደንበኛ ቆሟላ! መካከለኛው ፍጥነት፣ ለዲቪዲ 8 ገደማ፣ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ አድርጎ እንደሚጽፍ ቢያውቁም የሦስት ሰዓት ሠርግ ለመቅረጽ ጥቂት ደቂቃ መጨመር የማይታሰብ ነው። ሲዲው እየተጻፈ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ለአንዱ ዘፈን በፍላሽ ይገለበጣል፣ ለሌላው ጉርድ ፎቶ ይታተማል። መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ሁሉም ጣራ ጣራውን ያያል። መብራት ከጠፋ ያ ሲዲ አበቃለት፤ ባትሪ ባለው ላፕቶፕ መቅረጽ ግን የፈሪ ሥራ ነው። ሶፍትዌሩ በመጨረሻ የጻፈውን ከዋናው ጋር ያመሳክር ዘንድ የምታዝዝ አንዲት ምልክት አለች፤ እሷን ማጥፋት የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ይመስላል። ሲዲውን መዝጋት፣ ፋይናላይዝ የሚሉት፣ እሱም ከተረሳ ሠርጉ ከዚያ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ውጭ የትም አይከፈትም። ሠርጋችሁን ማየት ሲያምራችሁ ፍኖተ ሰላም ወርዳችሁ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ውበትም አለ። የሙሽሮቹ ፎቶ በክብ ወረቀት ታትሞ ከላይ ይለጠፋል፤ ጠርዙ ትንሽ ዘመም ብሎ፣ ከመሃሉ ቀዳዳ ጋር ሳይገጥም። በደቂቃ በመቶዎች ጊዜ የሚዞር ነገር ላይ አንድ ወገን የከበደ ወረቀት ሲለጠፍ ዴኩ ውስጥ የሚሰማው ጉርምርምታ ለሠርጉ እንደ ተጨማሪ ከበሮ ይቆጠራል። ሙጫው እየደረቀ ሲመጣ ሲዲውን ያጎብጠዋል። ወረቀት ያልደረሰው ደግሞ «የአቶ እገሌና የወ/ሮ እገሊት ሠርግ» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጫን ተደርጎ ይጻፍበታል። እዚህ ላይ የብዙ ሰው እምነት ያስደንቀኛል፦ መጠበቅ ያለበት የሚያብረቀርቀው ሥሩ ነው ብሎ ላዩን እንደ ልቡ ይፍቀዋል። ሲዲው ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፕላስቲኩ ከሥር ነው። መረጃው የተጻፈበት ቀለም ከላይ፣ በስስ ብረትና በቫርኒሽ ብቻ ተሸፍኖ፣ የእስክሪብቶው ጫፍ ሥር ተኝቷል። ሥሩ ቢቧጨር ዴኩ ብዙውን ጊዜ አልፎት ያነባል። ላዩ ከተላጠ ግን የሚነበብ ነገር የለም። ዲቪዲው ብልጥ ነው፤ 0.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ፕላስቲኮች መሃል ነው መረጃውን የደበቀው። የሱ መከራ የማጣበቂያው ነው፣ ርካሹ ዳሩ ጋ ይላቀቃል።

ስለ ዳሩ ካነሳን አይቀር፣ ሲዲ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር ነው የሚጻፈው። ቀለሙ የሚሳሳው፣ ጣት የሚያርፍበት፣ ጉብጠቱ የሚብሰው ዳሩ ነው። ስለዚህ ሙሽሪት ስትኳል፣ ሚዜዎች በር ላይ ሲከራከሩ፣ ሽማግሌው ሲመርቁ ብዙውን ጊዜ ጥሩ ይታያል። መልሱ ላይ ምስሉ እንደ ቆሎ መበተን ይጀምራል። ቅልቅሉ ላይ ይቆማል። በአገራችን ቅልቅሉን ሳያይ ያረጀ ስንት ባልና ሚስት አለ! ዲቪዲው 4.7 ጊጋባይት ይይዛል ቢባልም ኮምፒውተሩ ላይ 4.37 ሆኖ ነው የሚታየው፤ ባለፎቶ ቤቱ እስከ አፉ ሞልቶ «ለሁለት ከፍዬ ምን አስወጣዎታለሁ» ሲል ስለ ቅልቅሉ እንደተናገረ ይቆጠር።

ማሳያው ቀን ሲመጣ አማት ከገጠር ይጠራሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ሲዲው ይገባል፣ ይጉረመረማል፣ ዴኩ «ኖ ዲስክ» ብሎ ይጽፋል። አውጥተው እፍ ይሉበታል። በነጠላ ጫፍ ክብ ክብ እያደረጉ ያሹታል፤ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጎ መጥረግ እንደሚሻል የነገራቸው የለም። እንደገና ይገባል። «እማማ፣ ዴኩ ነው፣ ሌንሱ ሞቷል» ይላል ሙሽራው፣ ላቡን እየጠረገ። ዴኩ ግን ምንም አልሆነ። ያረጀ ዴክ ማይነስ የሚባለውን ዲቪዲ ከፕላሱ ይልቅ ይቀበላል፤ ተሰርዞ የሚጻፍበትን ደግሞ ብርሃን እምብዛም ስለማይመልስለት ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ይህንን መጠየቅ የነበረበት ሰው አልጠየቀም፤ አዲስ ዴክ ተገዛ።

ርካሹ ሲዲ ቦታው የት እንደሆነ አውቃለሁ። አስፋልት ዳር ተዘርግቶ ለሚሸጠው የተሰረቀ ፊልም ይስማማዋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያልደረሰበትን ሌባ ሲዲው ራሱ ግማሽ ላይ ቆሞ ይቀጣዋል፤ ገዢውንም ጭምር። ለሠርግ ግን ለአዝማሪ ግንባር ላይ ከሚለጠፈው ብር በሚያንስ ልዩነት ደህናውን ማግኘት ይቻል ነበር። «አሁን ፍላሽ አለ፣ ማን ሲዲ ያያል» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። ሠርጉ ያለበት ብቸኛው ፍላሽ በሁለተኛው ዓመት ዘፈን ሊሞላበት ፎርማት ሲደረግም አለ። ፎቶ ቤቱስ ቢሆን የዚያን ዓመት ሠርግ ከኮምፒውተሩ ካጠፋው ቆይቷል፤ ለዘንድሮው ቦታ ጠቦታል።

በዚህ ጥር ልጃችሁን የምትድሩ፣ ይህን ሁሉ ካነበባችሁ በኋላም ሠርጉ እንዲተርፍ የምትፈልጉ እንቢተኞች ካላችሁ፣ ባለፎቶ ቤቱን ቀብድ ሳትሰጡት እንዲህ በሉት፦ ከሁለት የተለያየ ፋብሪካ በወጣ ማይነስ ዲቪዲ፣ በ8 ፍጥነት፣ አመሳክረህ፣ ዘግተህ፣ ወረቀት ሳትለጥፍ ቅረጽልን፤ ዋናውንም በፍላሽ ስጠን። ስሙ በለስላሳ ማርከር መሃል ቀዳዳው አካባቢ ይጻፍ። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሌላ ዴክ ላይ ከፍታችሁ ወደ መጨረሻው ሂዱ፤ ቅልቅሉን አይታችሁ ክፈሉ። ቀድሞ የተጋባችሁ ደግሞ ሲዲያችሁ ገና የሚያነብ ከሆነ በዚህ ሳምንት ገልብጡት።