የጠፋ መነሻ ዋጋን ለማስመለስ የወጣ አዋጅ ቁጥር 100/115

በየሱቁና በየባንኩ ደጃፍ፣ መቶኛ ተጨምሮበት ወይም ተቀንሶለት ከተገኘ ሂሳብ ተነሥቶ የቀድሞውን መጠን የሚፈልግ ሰው ያንኑ መቶኛ መልሶ በመቀነስ ወይም በመጨመር ፍለጋውን የጨረሰ እየመሰለው በሙሉ ልብ የሚሳሳት በመሆኑ፤ ስህተቱም በደረሰኝ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የሚፈጸም ስለሆነ እስካሁን የሚመለከተው አካል ሳያገኝ በመቆየቱ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «መነሻ» ማለት ለውጡ ከመድረሱ በፊት የነበረውና ሁልጊዜም 100 ከመቶ ተብሎ የሚቆጠረው መጠን ሲሆን፣ «መድረሻ» ማለት ከለውጡ በኋላ በእጅ የሚገኘው መጠን ነው፤ በጭማሪ የተገለጸው ቅናሽንም ይጨምራል።

አንቀጽ 2፤ ስለ ታክስ
የተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ከተደነገገ ወዲህ፣ በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ከተተካም በኋላ፣ መደበኛ ምጣኔው 15 ከመቶ ሆኖ የዘለቀ ስለሆነ፣ ታክሱን ጨምሮ 1,150 ብር የተከፈለበት ዕቃ መድረሻው የመነሻው 115 ከመቶ ነው፤ ስለዚህ መነሻውን የሚሻ ሰው 1,150ን ለ1.15 አካፍሎ 1,000 ብር ያገኛል። ከ1,150 ላይ 15 ከመቶ ቀንሶ 977 ብር ከ50 ሳንቲም ላይ የቆመ ሰው ግን፣ 22 ብር ከ50 የጎደለበት ማንም ሰርቆት ሳይሆን፣ 150 ብሩን ታክስ ራሱን እንደ ዕቃ ቆጥሮ 15 ከመቶ ስለቀነሰለት መሆኑን እንዲያውቅ ይገደዳል። ለታክስ ቅናሽ ማድረግ ለግለሰብ የተሰጠ ሥልጣን አይደለም።

አንቀጽ 3፤ ስለ ምንዛሪ
በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በ15 ከመቶ ዝቅ ተደረገ በተባለ ጊዜ፣ አንድ ዶላር ከ23 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ወደ 26 ብር ከ90 ሳንቲም ገደማ የተሻገረ በመሆኑ፣ 15 ከመቶ የጨመረው ዶላሩ ሲሆን ብሩ በዶላር ሲለካ የቀነሰው 13 ከመቶ ያህል ነበር። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የተለያየው መነሻቸው ነው። ስለሆነም መነሻው ያልተነገረ መቶኛ፣ ማንነቱን ሳይገልጽ ዕዳ እንደሚጠይቅ ሰው ተቆጥሮ ከደጅ ይመለሳል።

አንቀጽ 4፤ ስለ በዓል ቅናሽ
20 ከመቶ ተቀንሶለት በ2,400 ብር የተሸጠ ጫማ የመነሻው 80 ከመቶ ነውና፣ ለ0.80 ሲካፈል ቀድሞ 3,000 ብር እንደነበር ይታወቃል፤ 2,880 የሚል ማስረጃ ተቀባይነት የለውም። ጫማው በእርግጥ 3,000 ብር ይሸጥ ነበር ወይስ ዋጋው ለቅናሹ ሲባል ዋዜማው ላይ ተሰቀለ የሚለው ጥያቄ፣ ከዚህ ሁሉ የከበደ ቢሆንም፣ ከአዋጁ ወሰን ውጭ ነው። ቅናሹ 100 ከመቶ በሆነ ጊዜ በዜሮ ማካፈል ስለማይቻል መነሻው በማናቸውም ስሌት አይገኝም፤ ተቀባዩ አመስግኖ ይሄዳል።

አንቀጽ 5፤ ስለተሻሩ ልማዶች
የጨመረውን ያህል መቀነስ በቂ ነው የሚል ማናቸውም ልማድ፣ መመሪያ ወይም የጎረቤት ምክር ተፈጻሚነት አይኖረውም። ደመወዙ 10 ከመቶ ተቀንሶ ኋላ 10 ከመቶ የተጨመረለት ሠራተኛም 99 ከመቶ ላይ የቆመ ስለሆነ ወደ ነበረበት ተመለሰ ሊባል አይችልም።

አንቀጽ 6፤ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ያንዱ ዋጋ ታክስን ጨምሮ 23 ብር ሲሆን፣ ያለ ታክስ ስንት እንደሆነ ለሻጩ ያላስረዳ ገዢ መልስ አይሰጠውም።